መ ሰባት

ሙሐረቅ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ባሕሩ ራሱ ያልበዋል፤
መስኮቱ በውጭ ይንጠባጠባል፣ ውስጡ ሹራብ ያስለብሳል።
ከፊቴ አንዲት ሰሌዳ አለች፣ መዳፍ ብቻ የምታህል፣
ዘጠና ስድስት ጉድጓዷ በየረድፉ የሚጠራ በፊደል።
ፋብሪካው በላቲን ጽፎታል፤ እኔ በልቤ የምለው ሌላ፤
ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ፤ ስምንት፤ ልኩ ሞላ።

በየጉድጓዱ አንድ ሕፃን አለ። ሁለመናው አይደለም፤
ተረከዙን ተወግቶ ወረቀት ላይ የደረቀ ደም፣
ከዚያም የምስር ፍሬ የምታህል ክብ፣ በመብሻ የወጣች።
የማናቸውም ስም አልወጣም፤ ካርዱ ላይ ያለችው እናትየዋ ነች።

ወልቂጤ ሳስተምር፣ ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች በጠመኔ ደርድሬ፣
«ፕሮቲን ቤት ቢሆን ጡቦቹ እነዚህ ናቸው» ብዬ፣ ደጋግሜ ተናግሬ፣
አንዱንም በዓይኔ ሳላይ አሥራ አንድ ዓመት ማልኩላቸው።
ዛሬም አላያቸውም፤ ግን አቤት ይላሉ ስጠራቸው።
ኒንሃይድሪን ጨምሬ፣ የመዳብ ውሃ ጠብ አድርጌ፣
ስድሳ ዲግሪ ላይ አቆይቼ፣ ከብርሃን ሸሽጌ፣
ዓይን የማያየውን ጨረር ስልክበት፣
ፌኒልአላኒን ዓይን በሚያየው ይመልሳል፤
ሲበዛ ይደምቃል፣ ሲያንስ ይፈዛል።
ባዶው ጉድጓድ እንኳ የራሱ ወገግታ አለው፤
እሱ ካልተቀነሰ ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው።

ያን ሌሊት መስመሩ ቀጥ አለ፤ ሰማንያው እንደ ጭጋግ ገርጥቶ ተኛ፤
መ ሰባት ብቻ በራ፣ ባትሪ እንደያዘ ዘበኛ።
«አቧራ ይሆናል» አለች ሺጃ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
ከዚያው ካርድ ሌላ ክብ በሳሁ፤ ሰሌዳውም ሌላ።
በራ።
ሦስተኛ።
በራ።

በቋንቋችን ብርሃን ተከሶ አያውቅም።
ያስተዋለ ልቡ በራ፣ የዳነ ዓይኑ በራ፣
ደስ ያለው ፊቱ በራ ይባላል።
ይህን ዜና በየትኛው ቃል ይነግሩታል?

ሲነጋ ዶክተር ሙኒራ ስልኩን ሰጠችኝ፤
«የእናትየዋ ዐረብኛ ከወጥ ቤት አያልፍም፤ አንተ ንገርልኝ።»
ሉባባ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ፤ ባሏ ወደብ ላይ በያጅ።

«እህቴ» አልኳት፣ «በልጅሽ ደም አንድ ነገር በዝቷል፤ ከወተት የሚመጣ፤
ሌላው ሰው ሰባብሮ ይጥለዋል፤ እሱ መዶሻውን አጣ።»
«እንዴት አያችሁት?»
«ያበራል።»
ዝም አለች። ቆይታ፣ በቀስታ፣
«ካበራማ… ደግ አይደል?»

ደግ አይደለም ልል አፌ እምቢ አለ፤
«ጊዜው ገና ነው» አልኳት፣ «ገና ነው፤ መላ አለ።
ወተቱ ይለወጣል፣ ይለወጣል፤
ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ምስሩ ይቀርበታል፤ እሱ ግን ይሮጣል፣ ይማራል፣ ይሮጣል።
መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም፤
ጨርሶ ከጠፋም አይሆንም፣ አይሆንም።»

ከጀርባዋ ሕፃኑ ጡት ፍለጋ ይነጫነጫል።
«ጋሼ» አለችኝ፣ «አስተማሪ ነበሩ?»
«በምን አወቅሽ?»
«ሁሉን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚናገሩ።»

በስድስተኛው ሳምንት ሌላ ካርድ መጣ፤
በነርሷ ጠማማ ጽሕፈት፣ ስም ከነአባቱ ወጣ።
ሁለት ጉድጓድ ሰጠሁት፣ ጎን ለጎን።
ክዳኑን ዘግቻለሁ። ማሽኑ እያጉረመረመ ነው።
ገና አላነበብኩትም።